ማጣሪያ ሳያሸንፍ ዋንጫ የወሰደው ልጅ

የአንባቢያን ጥያቄና የጋራዡ መልስ

ባለፈው እትም ስለ አውስትራሊያዊው የመኪና ተወዳዳሪ ስለ ኦስካር ፒያስትሪ በጨረፍታ ጽፌ ነበር። እሷ ጨረፍታ ጉድ አመጣች። የዚህ ወር ደብዳቤዎች ሁሉ ከፎርሙላ ዋን ሁለት እርከን ዝቅ ስላለው የወጣቶች እሽቅድድም፣ ስለ ፎርሙላ ስሪ ሆኑ። ስለ ካምቢዮና ስለ ዘይት የጠየቃችሁኝ ለጊዜው ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ፒያስትሪ እ.ኤ.አ. በ2020 የፎርሙላ ስሪ ሻምፒዮን ሲሆን በሰዓት ማጣሪያ አንድም ጊዜ አንደኛ አልወጣም ብለው ጽፈዋል። ለጓደኞቼ ስነግራቸው ሳቁብኝ። እንዲህ ያለ ነገር ይቻላል እንዴ? *አዳማ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ*

መልስ፦ ጓደኞችህን ሻይ አስከፍላቸው። እውነት ነው። ማጣሪያ ማለት በውድድሩ ማን ከየት እንደሚነሳ በፈጣን ዙር የሚለይበት ነው።

መጀመሪያ የመኪናውን ነገር ልንገርህ። ፎርሙላ ዋን ላይ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን መኪና ይሠራል። ፎርሙላ ስሪ ላይ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት መኪና ነው የሚነዱት። አካሉ የዳላራ ነው። ሞተሩ 3.4 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሜካክሮም ነው፤ 380 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያወጣል። ጎማው ፒሬሊ ነው። በዚያ ዓመት 10 ቡድኖች ነበሩ፣ እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ልጅ ያሰልፋል። እንግዲህ 30 ወጣት፣ አንድ ዓይነት መኪና ይዞ፣ በአንድ ጊዜ ለማጣሪያ ሲወጣ አስበው። አንዱ ፊትህ ሲያዘግም ጎማህ ይቀዘቅዛል። አደጋ አለ፣ ቀስ በሉ የሚለው ቢጫ ባንዲራ ሲወጣ ዙርህ ይበላሻል። የሁለት አሥረኛ ሰከንድ ልዩነት ከሦስተኛ ወደ አሥረኛ ሊያወርድህ ይችላል።

በዚያ ላይ ፒያስትሪ የኋላ ክንፉ ያስቸግረው ነበር። ዲአርኤስ የሚሉት ነገር አለ፤ ቀጥታው መንገድ ላይ የኋላው ክንፍ ይከፈትና አየሩ መኪናውን መጎተቱን ይቀንሳል። የእሱ በዚያ ዓመት በተደጋጋሚ እምቢ አለው። ሌላው ክንፉን ከፍቶ ሲበር አንተ ዘግተህ ከሄድክ፣ መሪውን የያዘው ማንም ይሁን ማን ማጣሪያ አታሸንፍም። እኔ በመካኒክ ዓይን ስለማየው ይሆናል፣ ስለዚያ ዓመት ሲወራ ይሄ ነገር ሁልጊዜ ይረሳል።

ታዲያ በምን አሸነፈ? ነጥብ በመልቀም። የውድድር ዘመኑ 9 ዙር፣ በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 18 ውድድር ነበረው። ፒያስትሪ ያሸነፈው ሁለቱን ብቻ ነው። አንዱ ኦስትሪያ ውስጥ፣ ሽፒልበርግ፣ የዓመቱ የመጀመሪያ ውድድር፤ ለእሱም በፎርሙላ ስሪ የመጀመሪያው። ሌላው ባርሴሎና ላይ። በተረፈው ጊዜ ከኋላ ይነሳል፣ መኪናውን ሳያጋጭ ወደፊት ይመጣል፣ ነጥቡን ይዞ ይገባል። ሌሎቹ አንድ ቀን ይነግሣሉ፣ በማግስቱ አሸዋ ውስጥ ይቆማሉ።

የኦስትሪያውን በቀጥታ አላየሁትም። ሰኔ 27 ቀን 2012 ነበር፤ ያኔ አገሩ በሙሉ ኢንተርኔት ተቋርጦበታል። ውጤቱን ያወቅሁት ሁሉም ካወቀ በኋላ ነው። ኮቪድም የራሱን አድርጓል። መጋቢት ላይ ባህሬን ሊጀመር የነበረው ውድድር ተገፍቶ ተገፍቶ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው ሥራ በአንድ ክረምት ታጨቀ። ኦስትሪያ ሁለት ጊዜ፣ ሃንጋሪ፣ ሲልቨርስቶን ሁለት ጊዜ፣ ባርሴሎና፣ ስፓ፣ ሞንዛ፣ መጨረሻ ሙጄሎ። አንዴ የተጋጨች መኪና በቅጡ ሳትጠገን ቀጣዩ ቅዳሜ ይደርሳል።

ሙጄሎ ጣሊያን ውስጥ፣ ቶስካና ነው ያለው፤ የፌራሪ ንብረት ነው። ማጣሪያው የተደረገው ዓርብ መስከረም 1 ቀን 2013 ነው። እኛ እንቁጣጣሽ ስንል እነሱ ጎማ ያሞቁ ነበር። ፒያስትሪ እዚያ የደረሰው የቡድን ጓደኛውን፣ አሜሪካዊውን ሎጋን ሳርጀንትን፣ በ8 ነጥብ እየመራ ነው። ቅዳሜ በመጀመሪያው ውድድር ፒያስትሪ 11ኛ ወጣ። ነጥብ የሚሰጠው እስከ 10ኛ ነው። ሳርጀንት ስድስተኛ ሆኖ 8 ነጥብ ወሰደ። ሁለቱም 160!

እስቲ አስበው፤ ሁለቱም ፕሬማ የሚባለው ቡድን ልጆች ናቸው። አንድ ጋራዥ፣ አንድ አለቃ፣ እኩል ነጥብ፣ የቀረ አንድ ውድድር። እኔ እዚያ መካኒክ ብሆን ቡና እንኳ በመስፈሪያ እኩል ነበር የምቀዳላቸው። ከኋላቸው ደግሞ ቴዎ ፑርሼር የሚባል የ17 ዓመት ፈረንሳዊ በ151 ነጥብ ቆሟል።

እሁድ ሳርጀንት ከአምስተኛ፣ ፒያስትሪ ከ11ኛ ተነሱ። እኔ ጋ የነበረው ሰው ሁሉ ለሳርጀንት ፈርዶ ነበር፤ እኔም ጭምር። በመጀመሪያው ዙር ሳርጀንትና ጀርመናዊው ሊሪም ዘንደሊ ተነካኩ። የሳርጀንት ውድድር እዚያው አበቃ። ማን ጥፋተኛ ነው የሚለውን ለእናንተ ልተወው፤ በዚያ ዙር ላይ ስንት ሰዓት እንደተጨቃጨቅን እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ በኋላ የቀረው የሂሳብ ሥራ ነው። ፑርሼር ሦስተኛ ሆኖ ገባ፣ 10 ነጥብ፣ ድምሩ 161። ፒያስትሪ ቀስ እያለ ወደ ሰባተኛ መጣ፣ 4 ነጥብ፣ ድምሩ 164። ሳርጀንት በ160 ቀረ። ሻምፒዮንነት በሰባተኛ ደረጃ! የዕለቱ አሸናፊ ኒውዚላንዳዊው ሊያም ላውሰን ነበር፣ ግን በዚያች ሰዓት እሱን ማን አየው።

ለጓደኞችህ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች አሳያቸው፦ 164፣ 161፣ 160።

ጥያቄ፦ በሁለተኛው ውድድር ቅዳሜ 10ኛ የወጣውን ከፊት ያስነሱ የነበረው ለምንድን ነው? ቅጣት ነው ሽልማት? *ሐዋሳ*

መልስ፦ ተመልካች እንዳይተኛ ነው። በ2020 የመጀመሪያዎቹን አሥር ገልብጠው ነበር የሚያስነሷቸው፤ 10ኛው አንደኛ፣ አንደኛው 10ኛ። ነጥቡም ያነሰ ነበር። ቅዳሜ ያሸነፈ 25 ሲያገኝ እሁድ ያሸነፈ 15 ነበር የሚያገኘው። እኔ አልወደውም ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ። ፈጣኑ ልጅ ሰው ማለፍ መቻል አለመቻሉን የምታየው እዚያ ላይ ነው። ግን ልብ በል፦ 11ኛ የወጣ 11ኛ ነበር የሚነሳው። ፒያስትሪ ሙጄሎ ላይ አንድ ቦታ ተሽሎ ቢሆን ኖሮ እሁድ ከሁሉም ፊት ይሰለፍ ነበር። እኛማ ቅዳሜ ማታ በዚህ ነገር ስንንገበገብ አመሸን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምንኖረው ሜልቦርን ነው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ፒያስትሪ የዚህ ከተማ ልጅ መሆኑን ከሰማ ወዲህ «እኔም እነዳለሁ» ብሎ አላስቀምጥ አለኝ። አባቱ ደግሞ ይሄ የሀብታም ጨዋታ ነው ይላል። ማን ልክ ነው? *የሁለት ልጆች እናት*

መልስ፦ እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ አባቱ ልክ ነው። ልጁም ልክ ነው።

ፒያስትሪ የጀመረው በሪሞት በሚነዱ ትንንሽ መኪኖች ነው። እሽቅድድማቸውን ልጅ ሆኖ ያሸንፍ ነበር። ከዚያ ካርት በሚባሉት ትንንሽ ክፍት መኪኖች ወደሚደረገው እሽቅድድም፣ ወደ ካርቲንግ ገባ። ገና 14 ዓመት አካባቢ እያለ ደግሞ ወደ እንግሊዝ ሄደ። አባቱ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት አብሮት ከቆየ በኋላ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ልጁ አዳሪ ትምህርት ቤት ብቻውን ቀረ። ሰው ስለ ዋንጫው ያወራል እንጂ ይሄንን አያወራም። አባቱ የመኪና ሞተር ማስተካከያ ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ያቋቋመ ሰው ነው፤ እንደኔና እንዳንቺ ባል ደመወዝ ጠባቂ አልነበረም።

መንገዱ እንዲህ ነው። ካርቲንግ፣ ከዚያ በ15 ዓመት ፎርሙላ ፎር፣ ከዚያ ፎርሙላ ስሪ፣ ከዚያ ፎርሙላ ቱ። ፎርሙላ ዋን ለመንዳት በመደበኛው ደንብ 18 ዓመት መሙላትና ሱፐር ላይሰንስ የሚባለውን መንጃ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። እሱ 40 ነጥብ ይፈልጋል። የፎርሙላ ስሪ ሻምፒዮን መሆን የሚያስገኘው 30 ብቻ ነው። ማለትም ዋንጫውን ይዞም በሩ አይከፈትም። የፎርሙላ ስሪ አንድ ዓመት ደግሞ ወደ ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ገንዘብ ይበላል። ይሄ በብድር የሚገባበት ነገር አይደለም።

አሁን ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው አልሽ። የኪራይ ካርት ያለበት ቦታ ይዛችሁት ሂዱ። አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግማችሁ። ዝናብ የዘነበ ቀን ውሰጂው። እየተንሸራተተም ከሳቀ፣ ተሸንፎ «ነገስ?» ካለ፣ ያኔ ወደ ክለብ ሂጂና ያገለገለ ካርት ጠይቂ። አዲስ አትግዢ። ካርት ሲገዛ ቀላል ይመስላል፤ ኪስ የሚያራቁተው ጎማውና ሞተሩን ፈትቶ መሥራቱ ነው። አባቱ መፍቻ መያዝ ከቻለ ወጪው ይቀንሳል፤ ኩርፊያውም አብሮ ይቀንሳል። ቤት ስለመሸጥ የሚያወራ አሰልጣኝ ካጋጠማችሁ ግን አመስግናችሁ ውጡ።

ትምህርቱን አያቋርጥ። ይሄን እንደ አባት ነው የምልሽ።

ጥያቄ፦ እነዚያ ሁለቱ ተሸናፊዎች የት ደረሱ? *ዋሽንግተን ዲሲ*

መልስ፦ ዋንጫ የወሰደው በቀጣዩ ዓመት ፎርሙላ ቱንም አሸነፈ። ከዚያ ወንበር አጣ! እ.ኤ.አ. 2022ን ሙሉ አልፒን የሚባለው የፎርሙላ ዋን ቡድን ተጠባባቂ ሆኖ ተቀመጠ። በኋላ አልፒን «የእኛ ተወዳዳሪ ነው» ሲል፣ ልጁ «አልፈረምኩም» አለ፤ ጉዳዩ ውል የሚዳኘው ቦርድ ጋ ሄዶ ለሌላው ቡድን፣ ለማክላረን፣ ተፈረደ። በ2024 ሃንጋሪ ላይ የመጀመሪያውን ግራንድ ፕሪ፣ ማለትም የፎርሙላ ዋን ውድድር፣ አሸነፈ።

ሳርጀንት በ2023 ዊሊያምስ የሚባለው የፎርሙላ ዋን ቡድን ገባ። ያገኘው አንድ ነጥብ ነው፤ እሱንም በገዛ አገሩ፣ ኦስቲን ላይ፣ ከፊቱ የገቡ ሁለት ሰዎች ውጤታቸው ሲሰረዝ ነው ያገኘው። በ2024 ነሐሴ ላይ ከቡድኑ ተሰናበተ።

የሚያበሽቀኝ ፑርሼር ነው። በዚያ ክረምት ገና በ16 ዓመቱ ኦስትሪያና ሃንጋሪ ላይ አሸንፎ ነበር። በ2023 የፎርሙላ ቱ ሻምፒዮን ሆነ። ነጥቡም ፈቃዱም ተሟላ። ወንበር ግን አልነበረም። በ2020ው የፎርሙላ ስሪ ሰልፍ ከኋላው የጨረሱት ላውሰንና ጃክ ዱሃን ፎርሙላ ዋን ሲነዱ እሱ የሳውበር ቡድን ተጠባባቂ ሆኖ ከዳር ያይ ነበር። ፎርሙላ ዋን ላይ ያለው መቀመጫ 20 ነበር፤ ባለቤቱ ካልተነሳ አዲስ ልጅ የት ይቀመጣል?

ጥያቄ፦ የዚያን ዓመት ሰንጠረዥ ሳይ አራተኛው ፍሬድሪክ ቬስቲ 146.5 ነጥብ ይላል። ግማሽ ነጥብ አለ እንዴ? ወይስ የህትመት ስህተት ነው? *ባሕር ዳር*

መልስ፦ ስህተት አይደለም። በውድድር ዘመኑ ሁለተኛ ሳምንት፣ እዚያው ሽፒልበርግ፣ ዝናቡ እንደ ነሐሴ ዶፍ ወረደና ውድድሩን ከመሃል አቆሙት። በቂ ዙር ስላልተነዳ ሁሉም የሚገባውን ነጥብ ግማሽ ተሰጠው። አሸናፊው ቬስቲ ነበር፤ በ25 ፋንታ 12.5 ወሰደ። ዝናቡ ባይመጣ 159 ይሆንለት ነበር ብለህ እንዳትደምር፤ ከኋላው የገቡትም የዚያን ቀን ሙሉ ነጥባቸውን ይወስዱ ነበርና ከአንደኛ ጀምሮ ያለው ሂሳብ በሙሉ ይነቃነቃል።