እጁን ሳታዩ «ይቀመጣል» ብላችሁ አትጻፉ፦ ለወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

ወደ ሰሜን ሸዋ ተመድባችሁ ለምትመጡ ሁሉ ይህን የምጽፈው፣ በኅብለ ሰረሰር ጉዳት የተያዙ ሰዎችን ሚዛን የመጠበቅ ችሎታ በመመርመር ዕድሜዬን ስላሳለፍኩ ነው፤ የምጀምረውም ከራሴ ስሕተት ነው።

ከመንዝ የመጣ አንድ ወጣት ነበር፤ ከባሕር ዛፍ ላይ ወድቆ ከጡቱ በታች መንቀሳቀስም መሰማትም አቁሟል። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ጠዋት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጋቢህን አውልቅ ማለቱ ጭካኔ መስሎ ታየኝና እንደተከናነበ ከአልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ቀጥ ብሎ ስለተቀመጠልኝ «ሚዛኑ ጥሩ ነው» ብዬ ካርዱ ላይ ጻፍኩ። በማግስቱ እናቱ «ዶክተር፣ ቡና ብሰጠው ከነስኒው ወደ ፊት ተደፋብኝ» አለችኝ (ዶክተር አለመሆኔን ብነግራትም አልተቀበለችኝም)። ጭኑ ስለማይሰማው ቡናው ማቃጠሉን ያወቀችው እሷ ናት። ዳግመኛ አስቀምጬ ጋቢውን ስገልጥ፣ ቀኝ እጁ የአልጋውን ብረት ጨብጦ የጣቶቹ መገጣጠሚያ ነጥቷል።

ጉዳቱ በደረቱ የላይኛው ክፍል የሆነ ሰው የሆድና የጀርባ ጡንቻዎቹ ስለማይታዘዙለት፣ ትከሻውና ክንዱ የእነሱን ሥራ ደርበው ይሠራሉ። ስለዚህ «ተቀምጧል» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ በሁለት እጁ ተደግፎ፣ በአንድ እጁ ወይስ ያለ እጅ እንደሆነ፣ እግሩ ወለል መርገጡን፣ የተቀመጠበትም ፍራሽ ይሁን ጣውላ አብሮ መጻፍ አለበት። ከስድስተኛው የደረት አከርካሪ በላይ የተጎዳውን ደግሞ ቀና ስታደርጉት ደም ግፊቱ ሊወርድ ስለሚችል፣ ወገቡን ከማየታችሁ በፊት ፊቱን እዩ፤ ዓይኑ ከፈዘዘ የሚለካ ነገር የለም፣ አስተኙት።

ለተቀመጠ ሰው እኔ የምወደው ክንድን ዘርግቶ የመድረስ መለኪያ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. ለቆመ ሰው ወጥቶ፣ በኋላ ለተቀመጠ ሰው ተስተካክሏል። የሚፈልገው በትከሻ ከፍታ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሜትር ብቻ ስለሆነ የትም ጤና ጣቢያ ይሠራል። ሌላኛው እጅ ምንም ሳይደገፍ፣ ሰውየው እስከሚችለው ወደ ፊት ይደርሳል፤ መጨበጥ የማይችል ከሆነ ከአንጓው ላይ በትንሿ ጣት በኩል ጎልታ ከምትታየው አጥንት ለኩ። ደጋግማችሁ ለኩ፤ የመጀመሪያውን ፍርሃት ያሳጥረዋል።

የቤርግ የሚዛን መለኪያ ዝነኛ ነው፦ 14 ተግባራት፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4፣ በድምሩ 56። ነገር ግን አብዛኛው ቆሞ የሚሠራ በመሆኑ ዊልቸር ላይ ያለውን ሁሉ ከታች ያከማቸዋል፤ ደህና አድርጎ የሚራመደው ደግሞ 56ን ሞልቶ ይጨርስና፣ በጣርማ በር ጭጋግ ድንጋዩን ሲረግጥ ይወድቃል። ሙሉ ነጥብ ያገኘውን ሰው ስንት ጊዜ ወደቅህ ብላችሁ ጠይቁት።

ወደ ወጣቱ ልመለስ። ቤት ሲገባ የሚቀመጠው መደብ ላይ እንደሆነ ሲነግረኝ፣ እናቱ ለአንድ ቀን አገሯ ደርሳ ስትመለስ ከፍታውን በገመድ ለክታ፣ ቋጥራ አመጣችልኝ። በዚያው ልክ ሣጥን ደራርበን አስቀመጥነው። መደቡ ዝቅ ያለ ስለነበር ጉልበቱ ከዳሌው በላይ ወጥቶ ወገቡን ወደ ኋላ ጣለው፤ ስኒውን በቀዝቃዛ ውኃ ሞልቼ ስዘረጋለት አንድ እጁን ሊያነሣ ሞከረ፣ መልሶም ሣጥኑን ያዘ። በሜትር ስለካው ከአልጋው ላይ የደረሰውን ግማሹን እንኳ አልደረሰም። የቀድሞውን ጽሑፌን ሰርዤ፣ ከገመዱ ርዝመት ጋር ይህንኑ ጻፍኩ።