የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ የሱዋርድ ፓርክ የሐይቅ ዳር ዙር

ጥያቄ፦ እናቴ 68 ዓመታቸው ነው፤ ከአዲስ አበባ ሲያትል ከመጡ አራት ወር ሆናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሐኪም ግን በእግር ሂጂ ብሏቸዋል። ሱዋርድ ፓርክን በዋሽንግተን ሐይቅ ዳር እየዞሩ መሄድ ይችላሉ? ከየት ይጀምሩ?

መልስ፦ መንገዱ ለጉልበታቸው ይስማማል። ዙሩ 3.9 ኪሎ ሜትር ነው፤ አስፋልት የለበሰ፣ ሜዳማ፣ መኪና የማያልፍበት። ዳገትና ደረጃ ስለሌለው ከዘራ ለሚይዝም ሆነ በዊልቸር ለሚሄድ ይመቻል። ጤነኛ ሰው በ50 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ዝግ ብለው ለሚራመዱ እናት ግን ዕረፍቱን ጨምሮ አንድ ሰዓት ተኩል ይያዙላቸው። በእርምጃ ሲቆጠር 5,500 ያህል ነው።

ቢሆንም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሙሉውን ዙር አያስጀምሯቸው። ዙር መንገድ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ እኩሌታው ላይ ጉልበት እንቢ ቢል ወደ ፊትም ወደ ኋላም ርቀቱ ያው ነው። በመሃል ጫካውን አቋርጠው የሚያልፉት መንገዶች ደግሞ ሽቅብና ቁልቁል የበዛባቸው፣ ሥር የሚያደናቅፍባቸው ናቸው። ስለዚህ ሄዶ መመለስ ይሻላል። በሰዓት ይለኩ፦ 15 ደቂቃ ሄደው ወደ ኋላ ይመለሱ። ሕመሙ በማግስቱ ካልባሰ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨምሩ። መመለሻው ላይ መሆናቸውን ሲያውቁ ልባቸውም አይፈራም።

መግቢያው ላይ ቆመው ፓርኩን ፊት ለፊት ሲያዩ፣ በግራ በኩል አንድሩስ ቤይ የሚባለው ሰላጤ አለ። ከዚያ ይጀምሩ። እዚህ አገር የክረምቱ ዝናብ ብዙ ጊዜ ከደቡብ ነፋስ ጋር ነው የሚመጣው፤ ሰላጤውን ኮረብታው ይከልለዋል። መጸዳጃውም በዚሁ በመዋኛው አካባቢ ስለሆነ ሳይነሱ ይጠቀሙበት። ውለው አድረው ሙሉውን ዙር ሲደፍሩ ግን፣ ነፋስ ባለበት ቀን በቀኝ ይጀምሩ። ነፋሱን አቅም ሳለ ጨርሰው፣ ሲደክሙ በተከለለው በኩል ይመለሳሉ። ሰማዩ የጠራ ቀን በደቡብ በኩል 4,392 ሜትር ከፍታ ያለው የሬይኒየር ተራራ በረዶውን ለብሶ ይታያል። እናትዎን ለዚህ ብቻ እንኳ አንድ ቀን በዚያ በኩል ቢያሳልፏቸው ደስ ይለናል።

ስለ ልብስ አንድ ነገር እንጨምር። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ውኃ ይይዛል፤ ከራሰ በኋላ ሙቀት መስጠቱ ቀርቶ ያበርዳል። ከላይ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ይልበሱ፣ ጋቢው መኪና ውስጥ ይጠብቃቸው። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ከቀኑ 10፡20 ገደማ ትጠልቃለች፤ ዛፉ ደግሞ ቀድሞ ያጨልመዋል። በዚያ ወር ከ8 ሰዓት በኋላ ባይነሱ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ጥር ላይ ከውኃው በላይ የነበሩ ድንጋዮች ሰኔ ላይ ጠፉ። ዝናቡ በክረምት፣ ሐይቁ የሚሞላው በበጋ! እንዴት ነው?

መልስ፦ ልክ አይተዋል። የዋሽንግተን ሐይቅን ከፍታ የሚወስነው ዝናቡ ሳይሆን ባላርድ በሚባለው የሲያትል ሰፈር ያለው የመርከብ መሸጋገሪያ ግድብ ነው። የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች በክረምት ውኃውን 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ያደርጉታል፤ የማዕበሉ ወራት ስለሆነ የጀልባ ማቆሚያዎችና ተንሳፋፊ ድልድዮች እንዳይጎዱ። ከየካቲት ጀምሮ ይሞሉታል፤ ዝናብ በሌለበት ወራት ለመርከቦቹና ለሳልመን ዓሣው መሻገሪያ ውኃ እንዲበቃ ነው።

ትልቁ ለውጥ ግን በ1916 እ.ኤ.አ. የመጣው ነው። ሐይቁን ከባሕር የሚያገናኘው የመርከብ ቦይ ሲከፈት ሐይቁ 2.7 ሜትር ያህል ወረደ። ከዚያ በፊት ውኃው ሲሞላ ሱዋርድ ፓርክ ያለበት ልሳነ ምድር ከከተማው ተቆርጦ ደሴት ይሆን ነበር።

ጥያቄ፦ ልጄ ኳሱን ለማምጣት ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። በሁለተኛው ቀን እግሩ ሽፍ አለና ውኃ ቋጠረ። ሳማ ነው?

መልስ፦ ሳማ የነካውን ወዲያው ይለበልበዋል፤ በጥቂት ሰዓታትም ይተወዋል። ዘግይቶ የመጣና ውኃ የቋጠረ ከሆነ ፖይዝን ኦክ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ተክል በሲያትል ብዙም ባይገኝም ሱዋርድ ፓርክ ውስጥ አለ፤ ፀሐይ የሚያገኘውን ደረቅ ቦታ ይወዳል። በአንድ ዘንግ ላይ ሦስት ቅጠል ያበቅላል፤ ጠርዛቸው ወጣ ገባ ነው፣ በመጸው ይቀላሉ። ቅጠሉ ከረገፈ በኋላም ግንዱ ይጎዳል።

ጥፋቱ ተክሉ የሚያወጣው ዘይት ነው። በአይን አይታይም፤ ከቆዳ፣ ከጫማ ክር፣ ከኳሱ፣ ከውሻ ፀጉር ላይ ይጣበቃል። በነካ በ10 ደቂቃ ውስጥ በሳሙናና በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ ካጠቡት አብዛኛው ይሄዳል። አሁን ስለዘገየ ቆዳውን ፈትጎ ማጠብ ጥቅም የለውም፤ ኳሱን፣ ጫማውንና ሱሪውን ግን ዛሬውኑ በሳሙና ይጠቡ፤ አለዚያ ልጁ ከነሱ እንደገና ይይዘዋል። ከፊኛው የሚወጣው ውኃ ሽፍታውን አያዛምትም፣ እህቱን ከሱ ለይተው አያስተኙ። ፊቱን ወይም አይኑን ከነካው፣ ወይም ትኩሳት ካለው ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ ከእግር ጉዞው በኋላ ልጆቹ ይዋኙ?

መልስ፦ በሰመር፣ የሕይወት አድን ጠባቂዎች ባሉበት ሰዓት ብቻ። ግንቦት መጀመሪያ ላይ አየሩ ቢሞቅም ውኃው ገና በጣም ቀዝቃዛ ነው። ድንገት የገባ ሰው ሳይፈልግ ትንፋሹን ይስባል፤ ያን ጊዜ ራሱ ከውኃ በታች ከሆነ ይሰጥማል፣ ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን። አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ የሚመስል ውኃ ካዩ ደግሞ አይግቡ፤ ውሻም አያስጠጡ።

ጥያቄ፦ መኪና የለኝም።

መልስ፦ ከኦቴሎ ወይም ከኮሎምቢያ ሲቲ ባቡር ጣቢያ 50 ቁጥር አውቶቡስን ይያዙ። መኪና ላላቸው ደግሞ፣ በሰመር አንዳንድ ቅዳሜና እሑድ የሐይቁ ዳር ጎዳና ለብስክሌት ሲባል ለመኪና ይዘጋል። በኦርካስ ጎዳና በኩል ይግቡ።