ጠይቁን፦ የአያትን ድምፅ መቅዳትና የድሮ ካሴት ማዳን

ጥያቄ፦ አያቴ ደብረ ማርቆስ ነው ያሉት፣ እኔ ሜሪላንድ። በቪዲዮ እየደወልኩ ታሪካቸውን ስቀዳ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ግማሹ አይሰማም። የተሻለ ማይክሮፎን ልግዛ?

መልስ፦ ለጊዜው አይግዙ። ኔትወርክ ሲደክም አፕሊኬሽኑ ጥሪው እንዳይቋረጥ ድምፁን እየጨመቀና እየዘለለ ይልካል፤ እርስዎ የሚቀዱት ያንን ነው። ቀረጻው እሳቸው ዘንድ ይሁን። ሁለት ስልክ ያስፈልጋል፦ አንዱ ለጥሪው፣ ሌላው ለመቅጃ ብቻ። መቅጃውን አብሯቸው ያለ ሰው ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጎ ይክፈተው፤ መሀል ላይ ከተደወለ ብዙ ስልኮች ቀረጻውን ያቋርጣሉ። ፋይሉ በማግስቱ ዋይፋይ ሲገኝ ይላክልዎታል። ባልተጨመቀው የፋይል ዓይነት፣ በዌቭ (WAV) ከተቀዳ አንድ ሰዓት 350 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ የተጨመቀው ኤምፎርኤ (M4A) ደግሞ 60 አካባቢ ነው፣ ለንግግር በቂ ነው።

የአብዛኛው ስልክ ዋና ማይክ ከታች፣ ቻርጀር በሚሰካበት በኩል ነው። ያ ጎን ወደ አያትዎ ዞሮ ከአፋቸው 30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ሲኒ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ሲኒው ባረፈ ቁጥር እንደ መዶሻ ይሰማል፤ ሌላ በርጩማ ላይ፣ የታጠፈ ጋቢ ተነጥፎለት ይቀመጥ። ደረት ላይ የሚሰካ ማይክ ካለ ከአገጭ በታች 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርዶ ቀሚሱ ላይ ይሰካ፤ ነጠላው ላይ ከሆነ ኮሽታው ቃሉን ይበላዋል። መሰኪያውንም ይዩት፦ ሦስት ጥቁር ቀለበት ያለው የስልክ ነው። ሁለት ያለው የካሜራ ስለሆነ ስልኩ ሳያውቀው በራሱ ማይክ መቅዳቱን ይቀጥላል፣ እርስዎም የሚያውቁት ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ቀድቶ በኢርፎን ማዳመጥ ግድ ነው።

ፍሪጁ ይነቀል (መልሶ መሰካቱ እንዳይረሳ የቤቱን ቁልፍ ውስጡ ማስቀመጥ ነው)። ቡናው ይፈላ፣ ጨዋታ የሚያመጣው እሱ ነው፤ ቀረጻው ግን ወቀጣው አልቆ አቦል ሲደርስ ይጀመር። በሐምሌ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ሌላ ድምፅ አያሰማም፤ ዝናቡ ሳይጀምር በጠዋት ይሁን እንዳይሉ የእሳቸው ጠዋት 4 ሰዓት የእርስዎ ሌሊት 9 ሰዓት ነው፤ ክረምቱን ማሳለፍ ይሻላል።

ደግሞ «ስለ ልጅነትዎ ይንገሩኝ» ቢሏቸው «ምኑ ይወራል» ብለው ይዘጉታል። «ያደጉበት ቤት በሩ ወዴት ነበር? ጓዳው ውስጥ ምን ምን ነበር?» ብለው ይግቡ።

ጥያቄ፦ አባቴ ከውጭ አገር በካሴት የላካቸው የድምፅ ደብዳቤዎች አሉን። ቴፑን ከላፕቶፕ ጋር በገመድ ባገናኘው ድምፁ ይሰነጣጠቃል። (ከአዳማ)

መልስ፦ የላፕቶፑ አንድ ቀዳዳ የተሠራው ለኢርፎን ማይክ ነው፤ ደካማ ድምፅ ነው የሚጠብቀው። ከቴፑ የኢርፎን መውጫ የሚመጣው በጣም ስለሚበረታበት ይሰነጥቀዋል። «ላይን ኢን» የሚል መግቢያ ያለው የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ይግዙ፤ ርካሾቹ ብዙ ጊዜ የማይክ መግቢያ ብቻ ስላላቸው አይተው ይግዙ። አውዳሲቲ የተባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። 48,000 ኸርዝ፣ 24 ቢት ላይ ያድርጉትና ከፍተኛው ድምፅ ከ-6 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይቆጣጠሩ። ዜሮን ነክቶ የተሰነጠቀ ድምፅ ኋላ አይጠገንም።

ካሴቱን ከመክተትዎ በፊት ከጀርባው ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ምላሶች ይስበሩ፤ በስህተት የመቅጃው ቁልፍ ቢነካ እንኳ አይጠፋም። መሀሉ ላይ ከክሩ ኋላ ያለችው የጨርቅ ትራስ ከወደቀች ድምፁ ስለሚታፈን ክሩን በብሎን ወደሚከፈት ሌላ ካሴት ማዛወር ያስፈልጋል። የቴፑን ራስ (ክሩ እየነካው የሚያልፈውን፣ ድምፁን የሚያነበውን ብረት) 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል፣ በጆሮ ጥጥ ያጽዱት፤ የቁስሉ 70 በመቶ ውሃ ይበዛበታል። ሁሉም ነገር ንጹሕ ሆኖ ድምፁ አሁንም ከታፈነ ከራሱ አጠገብ ያለችውን ባለ ስፕሪንግ ብሎን፣ ካሴቱ እየተጫወተ፣ በጣም በቀስታ ያዙሯት። «ሰ» እና «ሸ» ጥርት ሲሉ ያቁሙ። ባለ 120 ደቂቃ ካሴት ክሩ ስስ ስለሆነ ወደፊት ወደኋላ አያመላልሱት።

የፕሮግራሙን ጫጫታ መቀነሻ ቅጂው ላይ ይሞክሩ እንጂ ዋናውን ዌቭ አይንኩት።

ጥያቄ፦ አያቴ «ጣሊያን ከወጣ ትንሽ ቆይቶ፣ በዘመነ ሉቃስ ተወለድኩ» ይላሉ። ፋይሉ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ? (ከጎንደር)

መልስ፦ 1935 ዓ.ም. ብለው ይጻፉ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለ4 ማካፈል ነው፤ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ጣሊያን የወጣበት 1933 ማቴዎስ ነበር፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሉቃስ 1935 ነው። ስልኩ በራሱ የሚጽፈው ቀን የፈረንጅ ስለሆነ በፋይሉ ስም ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» መኖር አለበት። እሳቸው ያሉትንም እንዳለ ይያዙት፣ ስሌቱ የእርስዎ ነውና።

ጥያቄ፦ ቀረጻውን ለቤተሰቡ በቴሌግራም ብንልከው ጥራቱ ይቀንሳል? (ከዱባይ)

መልስ፦ በድምፅ መልእክት ቁልፍ የሚቀዳው ተጨምቆ ነው፤ በመቅጃ ቀድተው «ፋይል» ብለው ከላኩት እንዳለ ይደርሳል። ግሩፑ ግን ማስቀመጫ አይደለም። አንድ ቅጂ ኮምፒውተር ላይ፣ አንድ ሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንድ ኢንተርኔት ላይ ይኑር፤ ሁለት ዓመት ያልተከፈተ የጉግል አካውንት ሊሰረዝ ስለሚችል አልፎ አልፎ ይግቡበት። በርካሽ የሚሸጥ «1 ቴራባይት» ፍላሽ ብዙ ጊዜ ውስጡ ጥቂት ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ከሞላ በኋላ ስሙን እያሳየ ፋይሉን ይጥላል። እስኪሞላ ጭነው የመጨረሻዎቹን ፋይሎች ከፍተው ሳያዳምጡ አይመኑት።