ለኤሊ ካልሲየም፦ ከዱቄቱ በፊት ፀሐይዋን

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ደብረ ብርሃን ነው የምትኖሪው። የኤሊሽ ጀርባ በጣት ሲጫኑት ገባ ገባ ማለት ጀምሯል። ምግቧ ዳቦ፣ ሰላጣና ቲማቲም ነው። ውርጭ እንዳይመታት ብለሽ ሳሎን መስኮቱ ሥር ነው የምታስቀምጫት። አሁን የሰው የካልሲየም ክኒን ፈጭቼ ልስጣት ወይ ብለሻል። እኔ ያደግሁት ሸዋ ሮቢት ነው፤ ግቢያችን ኤሊ ጠፍቶበት አያውቅም። አሁን ደብረ ብርሃን ነኝ፤ ከሰው የተረከብኳት አንዲት ትልቅ ኤሊ አለችኝ። ቆላውንም ደጋውንም ስላየሁት ትንሽ ልበል።

ክኒኑን ለጊዜው ተይው። አንዳንዱ ቫይታሚን ዲ ተጨምሮበታል፤ እሱ ደግሞ ሲበዛ ይጎዳል። በውሃ የሚሟሟው ዓይነት ጭራሽ ማጣፈጫ አለው። ከላይ ወተት ስጫት ያላችሁም ተዉ፤ ኤሊ ወተት መፍጨት አትችልም፣ ሆዷን ነው የሚያበላሽባት።

ዋናው ችግር መስኮቱ ይመስለኛል። ኤሊ የበላችውን ካልሲየም አጥንቷ ውስጥ የምታስገባው በቫይታሚን ዲ ነው። ቫይታሚኑን ደግሞ ቆዳዋ ራሱ ይሠራዋል፣ ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበት። መስታወት ብርሃኑንና ሙቀቱን ያሳልፋል፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ጨረር ግን ያስቀረዋል። ስለዚህ መስኮቱ ሥር ቀኑን ሙሉ ብትሞቅም ለአጥንቷ ጥላ ውስጥ እንደዋለች ቁጠሪው። በዚያ ላይ የፈለገውን ያህል የካልሲየም ዱቄት ምግቧ ላይ ብትነሰንሺላት ብዙ አይጠቅማትም።

ሸዋ ሮቢት ለዚህ ማንም አይጨነቅም። ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ኤሊዋ ጠዋት ራሷ ወጥታ ትሞቃለች፣ ሲከብዳት ቁጥቋጦ ሥር ትገባለች። እዚህ 2,800 ሜትር ላይ ፀሐዩ ራሱ ኃይለኛ ነው፤ የሚጎድለው ሙቀት ነው። ሰውነቷ ካልሞቀ የበላችው አይፈጭም፤ ብትበላም ሆዷ ውስጥ ይቀመጣል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ውርጩ ለቆ መሬቱ ሞቅ ሲል፣ ረፋድ ላይ፣ ነፋስ የማይመታው ግድግዳ ሥር አወጣታለሁ። አጠገቧ ጥላ አይጠፋም፣ ሲበዛባት የምትገባበት። ምግቧን የማቀርበው አንገቷን አውጥታ መንቀሳቀስ ስትጀምር ነው። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ወደ ቤት፣ ድርቆሽ የተነጠፈበት ሣጥን ውስጥ። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውጭ አይታደርም። የእኛ አገር ኤሊ እንደ ፈረንጅ አገሮቹ ክረምቱን ተኝታ የምታሳልፍ አይደለችም፤ ብርድ ሲደነዝዛት አርፋለች ብለሽ እንዳትተያት።

አሁን ወደ ምግቡ። ካልሲየም ብቻውን አይታይም፤ ከፎስፈረስ ጋር ነው የሚመዘነው። በምግቧ ውስጥ ካልሲየሙ ቢያንስ የፎስፈረሱ እጥፍ መሆን አለበት። ፎስፈረስ ከበዛ ሰውነቷ ለማመጣጠን ከራሷ አጥንት ይወስዳል። ለኤሊ ቅርፊቷም አጥንት ነው፤ መለስለሱ ከዚያ ይመጣል። ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፉርሽካና ሙዝ ሁሉም ፎስፈረሳቸው ይበልጣል። እንጀራስ? ጤፍ ካልሲየም አለው ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ፎስፈረሱ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ ለእሷ ጥቅሙ አይታይም። ሰላጣና ቲማቲም ውሃ ናቸው፤ አልፎ አልፎ ቢቀምሱ ምንም አይደል። ቆስጣ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ አረንጓዴ ስለሆነ ደህና ይመስላል፣ ነገር ግን ውስጡ ያለው አሲድ ካልሲየሙን አስሮ ይይዘዋል።

ታዲያ ምን ትብላ? ሣር። የኤሊ ቀለብ ሣር ነው። ሰርዶ ከተገኘ ሌላ አያስፈልግም ማለት ይቻላል። ከመስከረም ጀምሮ ሜዳው ላይ የሚያብበው ማገጥ ጥሩ ካልሲየም አለው፤ ገንቢ ስለሆነ ግን ከሣሩ ጋር ቀላቅለሽ እንጂ ለብቻው አታብዢው። የጓሮ ጎመን በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ይሁን። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ድርቆሹን ቆርጠሽ ውሃ እያርከፈከፍሽ ስጫት። ከቆላ የሚመጣልሽ ሰው ካለ የበለስ ቅጠል አስመጪ፣ እሾሁን በቢላ ፍቀሽ። እኛ ቤት የነበሩት እሱን ሲያዩ ይሮጡ ነበር፣ ኤሊ የምትሮጠውን ያህል። ወተት የሚያወጣውን ቁልቋል ግን እንዳትነኪው፣ መርዝ ነው። ሣር ከእርሻ ዳር ስታጭጂም ጠይቂ፤ ገብሱና ስንዴው ፀረ አረም ተረጭቶ ከሆነ ከዚያ አካባቢ አትውሰጂ።

የካልሲየም ዱቄቱ እቤትሽ አለ፤ የእንቁላል ቅርፊት። አጥበሽ አሥር ደቂቃ ያህል ታፈዪዋለሽ፣ ውስጡ ያለውን ስስ ሽፋን ትልጫለሽ፣ ፀሐይ ላይ ታደርቂዋለሽ። ከዚያ በሙቀጫ እንደ በርበሬ እስኪልም መውቀጥ ነው። በጣት ቆንጥረሽ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን እርጥብ ሣር ላይ ነስንሺው፤ ደረቅ ላይ አይያዝም። ለዶሮ መኖ የሚሸጠው የኖራ ድንጋይ ዱቄትም ያው ነው፣ ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት ከሆነ። ዱር ያሉት ኤሊዎች ደግሞ የደረቀ አጥንት ይግጣሉ። የጅብ ኩስ ሳይቀር ይበላሉ፤ ነጭ የሚሆነው በአጥንት ስለሆነ ነው። አንቺ እዚያ መድረስ አይጠበቅብሽም።

ውሃም አትርሺ። በሳምንት አንድ ሁለቴ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ፣ ከአገጯ በታች እስኪደርስ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ትቀመጥበት። እዚያው ትጠጣለች፣ እዚያው ትሸናለች። ውሃ የጠማት ኤሊ ፊኛዋ ውስጥ ጠጠር ትሠራለች።

ሕፃን ከሆነች ቅርፊቷ ትንሽ ቢለጠጥ ተፈጥሮ ነው። ትልቅ ሆና ከለሰለሰባት ግን ዱቄትና ፀሐይ ብቻ አይበቃትም። ስትሄድ ሆዷን ከመሬት ማንሳት ካቃታት፣ እግሯ ከተንቀጠቀጠ ወይም መንጋጋዋ ከላላ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰጃት፤ ካልሲየም በመርፌ ሊያስፈልጋት ይችላል። የተጣመመው ቅርፊት ተመልሶ ቀጥ አይልም። ከዚህ በኋላ የሚያድገው ግን ደህና ሆኖ ያድጋል።

ሌሎቻችሁ ደግሞ ይህን አንብባችሁ ከቆላ አንዷን ላምጣ እንዳትሉ። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው።

እህቴ፣ መጠኗንና ስንት ጊዜ እንዳቆየሻት አልጻፍሽም። ከጎንና ከላይ ፎቶ አንሥተሽ ለጥፊልን፣ ስትራመድ ቢሆን ይሻላል።