የካናዳ ነባር ሕዝቦች በከተማ፦ ከወገኖቻችን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በማኒቶባ ክፍለ ሀገር፣ በዊኒፔግ ከተማ፣ ቤት ለሚፈልጉ ሰዎች ድጋፍ በሚሰጥ ቢሮ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ጠረጴዛዬ ፊት ከሚቀመጡት ሰዎች አብዛኞቹ የዚህ አገር ነባር ሕዝቦች ልጆች ናቸው። በካናዳ ልዩ ልዩ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን ስለ እነዚህ ጎረቤቶቻችን የላኩልኝን ጥያቄዎች እንደደረሱኝ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ነባር ሕዝቦች የሚባሉት እነማን ናቸው? ሁሉም በሪዘርቭ የሚኖሩ ይመስለኝ ነበር።

መልስ፦ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ሦስት ወገኖችን ያውቃል፤ እነርሱም ፈርስት ኔሽንስ (እንደ ክሪና ኦጂብዌ ያሉት ሕዝቦች)፣ ሜቲስ (ከነባር ሕዝቦችና ከአውሮፓውያን የተወለደው ሕዝብ) እና ኢኑይት (የሩቅ ሰሜን ሕዝብ) ናቸው። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ቁጥራቸው በድምሩ 1.8 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን ይህም ከአገሪቱ ሕዝብ 5 በመቶ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ከ800 ሺህ በላይ የሚሆኑት በትልልቅ ከተሞች ይኖራሉ። ዊኒፔግና አካባቢዋ ብቻ ከ100 ሺህ በላይ ነባር ነዋሪዎች ስላሏቸው ከካናዳ ከተሞች ቀዳሚውን ቦታ ይይዛሉ። ሪዘርቭ ለፈርስት ኔሽንስ ብቻ የተከለለ መሬት ነው፤ ሜቲሶችና ኢኑይቶች ሪዘርቭ የላቸውም።

ጥያቄ፦ መንግሥት ገንዘብ ይሰጣቸዋል፣ ግብር አይከፍሉም፣ ዩኒቨርሲቲም በነጻ ይማራሉ ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ ለምን ይደኸያሉ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በለቅሶ ቤትም በልደት ድግስም ስለምሰማው ሰፋ አድርጌ ልመልስ። በመጀመሪያ ስለ ገንዘቡ እናገራለሁ። ዊኒፔግ ያለችበት ምድር በ1871 በነባር ሕዝቦችና በመንግሥት መካከል በተፈረመው ትሪቲ 1 በተባለው ውል ውስጥ ይገኛል። በዚህ ውል መሠረት ለእያንዳንዱ አባል በዓመት የሚከፈለው 5 ዶላር ነው። የገንዘቡ ዋጋ ሲወርድ ኖሮ ክፍያው ግን አልተነካም። አንድ ጊዜ አንዲት አሮጊት ደንበኛዬን አጅቤ ክፍያው ወደሚፈጸምበት ቦታ ሄጄ ነበር። ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቷል፣ አጠገቡ ቀይ ኮት የለበሰ ፖሊስ ቆሟል። እርሳቸውም ስማቸው በመዝገብ ተፈልጎ አዲስ የአምስት ዶላር ኖት ተሰጣቸው። ኖቷን እያገላበጡ፣ «ለአውቶቡስ መሄጃና መመለሻ ያወጣሁትን እንኳ አይሸፍንም» ብለው ሳቁ። አንዳንድ ማኅበረሰቦች በመሬት ክርክር የካሳ ገንዘብ መቀበላቸው እውነት ነው፤ ካሳ ግን ለተወሰደ ንብረት የሚከፈል ዕዳ እንጂ ስጦታ አይደለም።

ግብርን በተመለከተ፣ በ1876 የወጣው ኢንዲያን አክት የተባለው ሕግ ከግብር ነጻ የሚያደርገው ስታተስ ያለውን፣ ማለትም በዚህ ሕግ መሠረት በመንግሥት መዝገብ የተመዘገበውን የፈርስት ኔሽንስ ሰው ሲሆን፣ ያውም ገቢው በሪዘርቭ ላይ የተገኘ እንደሆነ ነው። በከተማ መጋዘን ውስጥ የሚሠራው ሰው ከደመወዙ እንደ እርስዎና እንደ እኔ ይቆረጥበታል። እርግጥ ነው፣ ኦንታሪዮ ውስጥ የስታተስ ካርድ ያለው ሰው ዕቃ ሲገዛ የክፍለ ሀገሩ 8 በመቶ ታክስ ይቀርለታል፤ ምናልባት ወሬው ያደገው ካሸሩ ዘንድ ካርድ ሲወጣ ካዩ ሰዎች ይሆናል። ሜቲሶችና ስታተስ የሌላቸው ግን በዚህ ነጻነት አይጠቀሙም። የትምህርት ድጋፉም በጀቱ የተወሰነ ነው፤ ገንዘቡ በአብዛኛው በየማኅበረሰቡ ጽሕፈት ቤት በኩል ስለሚታደል ወረፋ የሚጠብቁ ብዙ ናቸው።

በአጭሩ፣ ከሚወራላቸው መብት አብዛኛው ከመሬቱ ጋር የታሰረ ስለሆነ ሰውየው ወደ ከተማ ሲገባ መብቱን ሪዘርቭ ላይ ጥሎ ነው የሚመጣው። የመድኃኒት፣ የጥርስና የመነጽር ሽፋን ከማይቀሩት ጥቂቶች አንዱ ነው፤ እርሱም ቢሆን ስታተስ ላላቸውና ለኢኑይት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ወደ ከተማ የመጡት መቼና ለምንድን ነው?

መልስ፦ ከ1885 ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ከሪዘርቭ ለመውጣት ከመንግሥት ወኪል የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ብዛት ያለው ፍልሰት የተጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ሰዎች ሥራና ትምህርት ፍለጋ መጥተዋል፤ በሪዘርቭ ቤት ጠፍቶ፣ ታመው፣ ከጥቃት ሸሽተው የመጡም አሉ። የ2011 ጎርፍ ሌክ ሴይንት ማርቲን ከተባለው ሪዘርቭ ያፈናቀላቸው ቤተሰቦች በዊኒፔግ ሆቴሎችና ጊዜያዊ ቤቶች ለዓመታት ተቀምጠዋል።

ስለ ሴቶቹ ግን ለብቻ መናገር ያስፈልጋል። እስከ 1985 ድረስ ስታተስ ያላት ሴት ስታተስ የሌለውን ወንድ ካገባች የራሷን ስታተስ ታጣ ነበር፤ ከዚያም ጋር በሪዘርቭ የመኖር መብቷን ታጣለች። ወንዱ ግን ነጭ ቢያገባ ሚስቱን ባለ ስታተስ ያደርጋት ነበር። ስለዚህ ዛሬ በከተማ ከምናያቸው እናቶችና አያቶች መካከል በምርጫቸው ሳይሆን በሕግ ተባረው የወጡ አሉ። ከተማዋ ራሷ የመጣችባቸውም አሉ። ዊኒፔግ ውስጥ ሩስተር ታውን የተባለ የሜቲስ ሰፈር ነበር፤ ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ በ1950ዎቹ መጨረሻ ነዋሪዎቹ ተነሡ፣ ዛሬ በአካባቢው ትምህርት ቤትና የገበያ ማዕከል ቆመውበታል።

ጥያቄ፦ እኛም ባዶ እጃችንን መጥተን፣ ሌሊትና ቀን ሠርተን ቤት ገዛን። እነርሱ በገዛ አገራቸው ለምን አቃታቸው?

መልስ፦ ጥያቄውን በግልጽ ስላቀረቡት አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው በሆዱ ይይዘዋል። ባዶ እጃችንን መጣን ስንል ግን ቆም ብለን ማሰብ አለብን። ብዙዎቻችን በትምህርት ነጥብ ተመርጠን ወይም ዘመድ ስፖንሰር ሆኖልን የመጣን ነን። በስደት የመጣነውም ብንሆን ቤት የሚፈልግልን፣ እንግሊዝኛ የሚያስተምረንና ፎርም የሚሞላልን ድርጅት በመንግሥት በጀት ተቀብሎናል። ከሰሜን ማኒቶባ በአውቶቡስ የመጣ የሃያ ዓመት ወጣት ግን ዜጋ ስለሆነ ለአዲስ መጪዎች በተመደበው በጀት አይገለገልም። የሚቀበሉት ከ1950ዎቹ ጀምሮ ነባር ሕዝቦች ራሳቸው ያቋቋሟቸው ፍሬንድሺፕ ሴንተር የሚባሉ ማዕከላት ናቸው፤ በአገሪቱ ከመቶ በላይ ቢደርሱም አቅማቸው ውስን ነው።

ከዚህ የሚከብደው ደግሞ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። እኛ ዕቁብ የምንጥለው፣ በእድር የምንረዳዳው፣ ልጅ ለእናት ሰጥተን የሌሊት ሥራ የምንገባው ቤተሰባችን ስላልፈረሰ ነው። ከእነርሱ ግን 150 ሺህ ያህል ልጆች ከወላጆቻቸው እየተነጠቁ መንግሥትና አብያተ ክርስቲያናት በሚመሯቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች አልፈዋል፤ የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ ነው። ቋንቋውን ሲናገር የተገረፈ ልጅ አባት ሲሆን ልጁን በምን ቋንቋ ያባብለዋል? ንጥቂያው ዛሬ መልኩን ቀይሮ ቀጥሏል። በ2021 ቆጠራ ከ15 ዓመት በታች ከሆኑት የካናዳ ልጆች ውስጥ የነባር ሕዝቦች ልጆች 7.7 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በመንግሥት በኩል ለአሳዳጊ ቤተሰብ ከተሰጡት ልጆች ውስጥ ግን 53.8 በመቶ ናቸው። እነዚህ ልጆች አድገው ወደ ቢሮዬ ሲመጡ፣ በማመልከቻው ላይ «በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርሱ እስክሪብቷቸው ይቆማል።

ቁጥሩን ለሚፈልጉ፣ የ2020 ገቢያቸው ሲታይ ከነባር ሕዝቦች 18.8 በመቶ የሚሆኑት ከድህነት ወለል በታች ነበሩ፤ ከሌላው ሕዝብ 7.9 በመቶ። ያ ዓመት ደግሞ የወረርሽኙ ድጎማ ለብዙዎች የታደለበትና ድህነት የቀነሰበት ዓመት መሆኑ አይዘንጋ።

ጥያቄ፦ በሆስፒታል በረዳትነት እሠራለሁ። ነባር ታካሚዎች ቶሎ ይቆጣሉ፣ አንዳንዶቹም ሳይታከሙ ተነሥተው ይሄዳሉ።

መልስ፦ በ2008 ብራያን ሲንክሌር የተባለ ሁለት እግሮቹን ያጣ የ45 ዓመት ሰው እዚሁ ዊኒፔግ ውስጥ በድንገተኛ ክፍል በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ለ34 ሰዓት ሳይታይ ቆይቶ ሞተ። በሽታው በቀላሉ የሚታከም የፊኛ ኢንፌክሽን ነበር። ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ ሰክሮ ወይም መጠለያ አጥቶ የተቀመጠ መስሏቸው ነበር። ይህን ታሪክ በዚህ ከተማ የማያውቅ ነባር ቤተሰብ አላጋጠመኝም። ስለዚህ ታካሚው ሲቆጣ እርስዎ ላይ ሳይሆን ወንበሩ ላይ ሊሆን ይችላል። በየግማሽ ሰዓቱ ሄደው «አልረሳንዎትም» ቢሉ ለውጡን ያዩታል።

ጥያቄ፦ «ኢንዲያን» ማለት ነውር ነው?

መልስ፦ በሕጉ ስም ውስጥ አለ፤ እርስ በርሳቸውም ይጠራሩበታል። እኛ ግን አንጠቀምበት። ክሪ፣ ኦጂብዌ፣ ዴኔ እያሉ በየሕዝቡ ስም መጥራት ከሁሉ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ የምንሰማው ችግሩን ብቻ ነው። የተሻሻለ ነገር የለም?

መልስ፦ አለ፤ እኔም ስለ ድህነት ብቻ መናገር ይሰለቸኛል። የመብቱ መሬት ወደ ከተማ መምጣት ጀምሯል። በሳስካቱን ከተማ የመስኬግ ሌክ ክሪ ሕዝብ በ1988 ባገኘው የከተማ ሪዘርቭ ላይ ብዙ መሥሪያ ቤቶችና ንግዶች ይሠራሉ። በዊኒፔግ የቀድሞው የካፕዮንግ የጦር ካምፕ መሬት ከረጅም የፍርድ ቤት ክርክር በኋላ ወደ ትሪቲ 1 ሕዝቦች ተመልሶ ናዊ ኦዴና ተብሏል። በቫንኩቨር ደግሞ የስኳሚሽ ሕዝብ ሴናክ በተባለው የራሱ መሬት ላይ 6,000 ያህል የሚከራዩ ቤቶችን በመሥራት ላይ ነው። ከ2023 ጀምሮ ማኒቶባን የሚመሩት ዋብ ኪኑም ከፈርስት ኔሽንስ ወገን የክፍለ ሀገር መሪ ለመሆን የመጀመሪያው ናቸው።

ጥያቄ፦ ምድር ቤቴን አከራያለሁ። ችግር እንዳይመጣብኝ ስለምፈራ ለነባር ሰው ባላከራይ ጥፋት ነው?

መልስ፦ አዎን፣ ጥፋት ነው፤ የማኒቶባ የሰብአዊ መብት ሕግ በዘር ብቻ ሳይሆን በገቢ ምንጭም ምክንያት መከልከልን ይከለክላል። ያጋጠመኝን ልንገርዎ። አንዲት የሁለት ልጆች እናት ማስታወቂያ አይታ ደወለች፤ ቤቱ ስላልተያዘ መጥታ እንድታየው ተነገራት። በሰዓቱ ደረሰች። አከራዩ በሩን ገርበብ አድርጎ አያትና «አሁን ተያዘ» አላት። ከሰዓት በኋላ ከቢሮዬ በዚያው ቁጥር ደወልኩ። እንግሊዝኛዬን ሁለት ቃል ሳይሰማ «ሐበሻ ነሽ እንዴ? ቤቱ አለ፣ ነይ እዪው» አለኝ፤ በአማርኛ። ምን እንደመለስኩለት መናገር አልፈልግም፤ ስልኩን ዘግቼ ግን ለረጅም ጊዜ ተቀምጬ ነበር።

ኪራይ ይቀራል ብለው ከሆነ፣ የመንግሥት ድጋፍ ለሚቀበል ተከራይ ኪራዩ በቀጥታ ለአከራዩ እንዲከፈል ማድረግ ይቻላል።

ጥያቄ፦ ከላይ ስለ ምድር ቤቴ የጠየቅሁት ነኝ። ቤቱ እስካሁን ባዶ ነው። ምን ላዘጋጅ?

መልስ፦ የኪራዩን መጠን፣ መብራትና ሙቀት በውስጡ መኖሩን ወይም አለመኖሩን፣ የመኝታ ክፍሉ መስኮት ምን ያህል እንደሚከፈት ጽፈው ይላኩልኝ። ደረጃው ስንት እንደሆነም ይቁጠሩልኝ፤ ወረፋ ላይ ካሉት መካከል ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንድ አዛውንት አሉ።