ጥያቄ አለን፦ የሐረሪን ቋንቋ መዝገበ ቃላት የሠሩት ሊቅ ማን ናቸው?

ጥያቄ፦ በሐረር ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ ሸዋ በር አካባቢ የምኖር አንባቢያችሁ ነኝ። ስለ ሐረሪ ቋንቋ ታሪክ በተነሣ ቁጥር ሌስላው የሚባሉ የውጭ አገር ምሁር ስም ይጠራል። እኚህ ሰው ማን ናቸው? ለቋንቋችንስ ምን ሠሩ?

መልስ፦ ፕሮፌሰር ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1906 ፖላንድ ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። ወላጆቻቸውን በልጅነታቸው በማጣታቸው ያደጉት በወንድማቸው እጅ ነው። በአገራቸው የነበረውን የአይሁድ ጥላቻ ሸሽተው ወደ ቪየና በመሄድ የሴማውያን ቋንቋዎችን ማጥናት ጀመሩ፤ ከዚያም ፓሪስ ተሻግረው የማርሴል ኮኸን ተማሪ ሆኑ። ኮኸን ኢትዮጵያ ድረስ መጥተው ያጠኑ፣ ስለ ሐረሪ፣ ስለ አርጎባና ስለ ጉራጌ ቋንቋዎችም የጻፉ ሰው ስለነበሩ፣ የተማሪያቸው ልብ ወደ ኢትዮጵያ ማዘንበሉ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣና ሌስላው በደቡብ ፈረንሳይ በእስረኞች ሰፈር ተዘጉ፤ ከዚያ ወጥተው አሜሪካ የገቡት በ1942 ነው። የኢትዮጵያን ምድር የረገጡትም ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1946 ነበር።

የአሠራር ጠባያቸውን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የጋፋት ቋንቋ ጉዳይ ነው። በዐባይ አካባቢ ይነገር የነበረው ይህ ቋንቋ ፈጽሞ ሊጠፋ በተቃረበበት ጊዜ፣ በ1947፣ ሌስላው ብዙ ደክመው አሁንም የሚናገሩትን አራት ሰዎች አገኙና ከአፋቸው እየሰሙ መዘገቡት። ዛሬ ጋፋትን የሚናገር ሰው የለም፤ ስለ ቋንቋው ከምናውቀውም አብዛኛው የተገኘው ከዚያ ሥራ ነው።

ወደ ሐረሪ ስንመጣ፣ ዋናው ሥራቸው በ1963 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የታተመው የቃላትን ምንጭ የሚያሳይ መዝገበ ቃላት ነው። መዝገቡ የሐረሪን ቃላት ከግእዝ፣ ከአማርኛ፣ ከጉራጌ ቋንቋዎችና ከዐረብኛ ጋር እያስተያየ፣ የትኛው ከጥንት ሴማዊ ሥር እንደመጣ፣ የትኛው ደግሞ ከኩሽ ቋንቋዎች ወይም ከዐረብኛ እንደተወሰደ ይለያል። ለምሳሌ ግእዝ «ሐምስቱ» የሚለውን ቍጥር አማርኛ የጉሮሮ ድምፁን ጥሎ «አምስት» ሲለው፣ ሐረሪ ግን ድምፁን እንደጠበቀ «ሐምስቲ» ይለዋል። ሐረሪ በዝምድና ቅርብ የሚሆነው ርቀው ለሚገኙት ለስልጤ፣ ለወላኔና ለዛይ መሆኑም እንዲህ ባለ ማስተያየት የሚታይ ነው።

በእኛ አስተያየት ግን ለሐረር ተወላጅ ይበልጥ ጣዕም ያለው፣ በ1965 ያሳተሙት፣ ስለ ከተማይቱ ባህልና ወግ በራሱ በሐረሪ የተነገረውን ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር የያዘው ሥራ ነው። የሁለቱም መጻሕፍት ጉድለት አንድ ነው፦ ማብራሪያው በእንግሊዝኛ፣ የሐረሪው ቃል ደግሞ በላቲን ፊደል መሆኑ ባለቤቱ እንደ ልብ እንዳያነባቸው አድርጓል።

ሌስላው ከ1955 ጀምሮ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፤ በ1965ም ስለ ኢትዮጵያ ጥናት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀብለዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ ሦስት ቅጽ ያለውን የጉራጌ መዝገበ ቃላት በ1979፣ የግእዙን በ1987፣ ከሺህ ገጽ በላይ የሆነውን የአማርኛ ሰዋስው ደግሞ በ1995 ማለትም ሰማንያ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረብ አሳትመዋል። ያረፉት መቶኛ ዓመታቸውን በደፈኑ በቀናት ውስጥ፣ በኅዳር 2006 ነው።

ጥያቄ፦ ከእርሳቸው በፊት ስለ ሐረሪ ቋንቋ የጻፈ አውሮፓዊ ነበርን? (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ አዎን። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1855 ሐረር ገብቶ ጥቂት ቀናት ከቆየ በኋላ፣ በተከታዩ ዓመት ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ላይ የቋንቋውን ሰዋስው በአጭሩ አስፍሯል። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊም በ1936 የሐረርን ቋንቋና ታሪክ የሚመለከት ሰፊ ጥናት አውጥተዋል። ሌስላው ሥራቸውን የጀመሩት እንግዲህ ከባዶ አልነበረም።