በጣልያን የኮረብታ ከተሞች በመኪና ለምትዞሪ እህቴ፦ መኪናሽ ከቅጥሩ ውጭ ይደር

እህቴ፣ በኦገስት እናትሽንና ልጆችሽን ይዘሽ ሮም ላይ መኪና ልትከራዪ፣ ኦርቪዬቶን፣ አሲዚንና ሲዬናን እያየሽ ፍሎረንስ ልትገቢ እንዳሰብሽ ጽፈሽ «ይሆናል ወይ? ምን ልጠንቀቅ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ይሆናል። እኔም እናቴን ይዤ በዚያው መንገድ ሄጃለሁ፤ ካደረግኋቸው ጉዞዎች ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። የትኛው ካቴድራል እንደሚያምር ሌሎች ነግረውሻል። እኔ ገንዘብና ሰላም የሚያሳጣውን ልንገርሽ። አንቺም እንደ እኔ አሜሪካ ነው ያለሽው ብዬ ነው የምጽፈው።

1. ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ። ከአገር ሳትወጪ አውጪው። ትሪፕል ኤ (የአሽከርካሪዎች ማኅበር) ቢሮ መንጃ ፈቃድሽንና ፎቶግራፍ ይዘሽ ብትሄጂ በትንሽ ክፍያ ይሰጡሻል። «ማንም አይጠይቅሽም» የሚሉሽን አትስሚ። በአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ጣልያን ውስጥ ለመንዳት ሕጉ ይህን ወረቀት ይጠይቃል፤ ፖሊስ ባያስቆምሽ እንኳ አከራዩ ይጠይቅሻል።

2. በሹፌሩ ስም የወጣ ክሬዲት ካርድ። ዴቢት አይሁን፣ የባለቤትሽም አይሁን፤ መሪውን የሚይዘው ሰው ስም ያለበት ይሁን። ማስያዣ ብለው የሚይዙት ገንዘብ ቀላል ስላልሆነ ካርዱ ላይ በቂ ቦታ ይኑር። መኪናው ደግሞ ትንሽ ይሁን፤ አውቶማቲክ ከፈለግሽ ከብዙ ወራት በፊት ያዢ፣ እዚያ አገር በብዛት የሚገኘው ማንዋል ነው። እኛ ይህን ሁሉ አሟልተን ነው የሄድነው። ሆኖም አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ያለው የኪራይ ቢሮ ስንደርስ ወረፋው እስከ በሩ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጣ የመጣችው እናቴ ሻንጣ ላይ አረፍ አለች። ተራችን ሲደርስ ሰውየው ቀና ብሎ ሳያየን «የያዛችሁት መኪና የለም፣ ትልቁን ቫን ውሰዱ» አለ። ቀጥሎ ኢንሹራንስ ጨምሩ ብሎ ወረቀት ገፋልኝ። የመኪና አደጋና ስርቆት ዋስትናው በከፈልነው ውስጥ እንዳለ አሳየሁት። እጁን አወናጨፈብኝና ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራ። እኔ ከመስኮቱ አልተነሳሁም። ያተምኩትን ማረጋገጫ ፊት ለፊቱ ዘርግቼ «ይህ ነው የተከራየሁት፣ እስኪመጣ እጠብቃለሁ» አልኩት። «የለም» የተባለው ትንሽ መኪና በመጨረሻ መጣ። ቫኑን እሺ ብል ኖሮ ምን እንደሚደርስብን ያወቅሁት ሞንቴፑልቻኖ የምትባል የኮረብታ ከተማ ላይ ነው፦ አንድ ቤተሰብ እንደዚያ ያለ ቫን ይዞ ጠባብ ዳገት ውስጥ ገብቶ፣ ሁለቱም መስታወት ታጥፎ፣ ከግራና ከቀኝ ግድግዳ አንድ ጣት ሲቀረው፣ አባትየው እያላበው ወደ ኋላ ሲወርድ አየሁ።

3. ዜድ ቲ ኤል። ይህን ደጋግመሽ አንብቢው። «ዞና አ ትራፊኮ ሊሚታቶ» ይሉታል፤ ፈቃድ የሌለው መኪና እንዳይገባበት የተከለከለ የከተማ ክፍል ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ አሮጌው መሀል ከተማ። መግቢያው ላይ ዙሪያው ቀይ የሆነ ነጭ ክብ ምልክት ይቆማል፣ አጠገቡ ካሜራ አለ። ብዙ ቦታ የሚያስቆምሽ ዘበኛ የለም። ታልፊያለሽ፣ ታርጋሽ ፎቶ ይነሳል፣ አለቀ። የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ያለበት ቦታ «ቫርኮ አቲቮ» ካለ ክልከላው በሥራ ላይ ነውና አትግቢ፤ «ኖን አቲቮ» ካለ ማለፍ ትችያለሽ። ቅጣቱ ከ80 ዩሮ በላይ ይጀምራል፣ በካሜራ ፊት ባለፍሽ ቁጥርም ለየብቻ ሊቆጠርብሽ ይችላል። ስልክሽ ላይ ያለው ካርታ ሁልጊዜ አያስጠነቅቅሽም።

እኛ ይህን እናውቅ ነበር። ኡምብሪያ በሚባለው ክፍለ አገር፣ በአሮጌው የከተማ ቅጥር ውስጥ ያለ ሆቴል ስንይዝ አስቀድመን ጽፈን ጠየቅናቸው፤ «ታርጋችሁን ስጡን፣ ለከተማው እናስመዘግባለን» አሉ። ስንደርስ እንግዳ ተቀባዩ ታርጋውን በቡና ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈ። የጣልያን ታርጋ ሁለት ፊደል፣ ሦስት ቁጥር፣ እንደገና ሁለት ፊደል ነው። እዚያችው ወረቀት ላይ እንዳየሁት የመጨረሻው ፊደል ስላልጠራ «እንደገና ጻፈው» አልኩት፣ «ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» አለኝ። ወደ አገራችን ተመልሰን ወራት ካለፉ በኋላ የኪራይ ድርጅቱ ከካርዴ ገንዘብ ቆረጠ። ቅጣቱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ስሜንና አድራሻዬን ለፖሊስ በመስጠቱ ብቻ የሚያስከፍለው የአገልግሎት ሂሳብ ነው። ቅጣቱ ራሱ ከዚያ በኋላ በአደራ ደብዳቤ ከነፎቶው መጣ። ሆቴሉ ታርጋችንን አላስመዘገበም፣ ወይም አሳስቶ አስመዝግቧል።

ሁሉም ሰው «ክፈልና ተገላገል» አለኝ። በ5 ቀን ውስጥ ከከፈልሽ 30 በመቶ ይቀነስልሻል፤ ግን አንዴ ከከፈልሽ አቤቱታው ይዘጋል። አቤት ለማለት ደግሞ ደብዳቤው ከደረሰሽ ቀን ጀምሮ 60 ቀን አለሽ፣ ለፕሬፌቶው፣ ማለት በአካባቢው መንግሥትን ለሚወክለው ሹም ነው የምትጽፊው። እኔ አልከፈልኩም። ሆቴሉ «እናስመዘግባለን» ያለበትን ኢሜይልና ያደርንበትን ደረሰኝ ይዤ መጀመሪያ ለሆቴሉ ጻፍኩ። ዝም አሉ። ደግሜ ጻፍኩ። በሦስተኛው እንግዶቻቸው እንደነበርን የሚያረጋግጥ የተፈረመበት ደብዳቤ ላኩልኝ። እሱን አያይዤ ለፕሬፌቶው አመለከትኩ፣ ቅጣቱም ተሰረዘልኝ። ያ የኪራይ ድርጅት የቆረጠውን ግን እስከ ዛሬ አልመለሰም፤ እሱን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

እንግዲህ ከእኔ የምትወስጂው ይህን ነው፦ ከተቻለሽ ከቅጥሩ ውጭ እደሪ፣ ካልሆነም መኪናሽ ከቅጥሩ ውጭ ይደር። እነዚህ ከተሞች መኪና ከታች ትቶ ለሚመጣ ሰው በደንብ ተዘጋጅተዋል። ኦርቪዬቶ ባቡር ጣቢያው ጋ መኪናሽን አቁመሽ በፉኒኮላሬ፣ በገመድ በሚጎተት የዳገት ባቡር፣ ሽቅብ ትወጪያለሽ፣ ከላይ ትንሽ አውቶቡስ እስከ ካቴድራሉ ያደርስሻል። ሲዬና «ሳንታ ካተሪና» የሚባለው ማቆሚያ ከታች እስከ ላይ ኤስካሌተር አለው። አሲዚ ላይ «ሞያኖ» እንዲሁ ነው። ፔሩጃ ላይ ደግሞ ኤስካሌተሩ የሚያልፈው ጳጳስ ጳውሎስ 3ኛ በ1540ዎቹ ባሠሩት ምሽግ ሥር ነው፤ ከሥር ተቀብረው የቀሩትን የድሮ ቤቶችና መንገዶች እያየሽ ትወጫለሽ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ግን በእነዚህ ሁሉ ከተሞች ያለ ችግር ወጥታለች። ኦርቪዬቶ አቅራቢያ ያለችውን ቺቪታ ዲ ባኞሬጆን ግን ተያት፤ ረጅምና ዳገታማ የእግረኛ ድልድይ በፀሐይ መውጣት ነው፣ መኪና የለም፣ ለእናትሽ አይሆንም።

ስለ ወሩ ደግሞ አስቢበት። ፍልሰታ ኦገስት 7 ገብታ 21 ታበቃለች። እናትሽ እንደ እናቴ የሚጾሙ ከሆነ ትልቁ ችግርሽ ምግቡ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። የኮረብታ ከተማ ምግብ ቤቶች ወጥ ቤታቸውን በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ይዘጋሉ፣ የሚከፍቱት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ሱቁም በቀትር ይዘጋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚፈቱ እናት ከተዘጋ በር ፊት ይቆማሉ። እኛ ጠዋት ጠዋት ዳቦ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት ገዝተን መኪና ውስጥ እንይዝ ነበር። የቶስካና ዳቦ ጨው የለውም፣ ስለዚህ ጨው ያዢ። ምግብ ቤት ሲከፈት «ፒቺ አላልዮኔ» እዘዢላቸው፦ በዱቄትና በውኃ ብቻ የሚሠራ ወፍራም ፓስታ በቲማቲምና በነጭ ሽንኩርት። «ፓንዛኔላ» የሚባለው የዳቦና የአትክልት ሰላጣም ጾም ነው። «ሴንሳ ፎርማጆ» ብለሽ አይብ እንዳይነሰንሱበት ንገሪያቸው።

ኦገስት 15 የእነሱ የእመቤታችን በዓል ነው፣ ፌራጎስቶ ይሉታል፤ አገሩ ሁሉ መንገድ ላይ ነው፣ ብዙ ሱቅ ዝግ ነው። በማግስቱ፣ በ16፣ ሲዬና ላይ የፓሊዮ የፈረስ እሽቅድምድም አለ። በነፃ የሚታየው ከአደባባዩ መሀል ሲሆን ከገቡ በኋላ ለሰዓታት ፀሐይ ላይ መቆም ነው። ከልጆችና ከእናትሽ ጋር እንዳትሞክሪው፤ ሲዬናን ከዚያ ሳምንት ራቅ አድርገሽ ያዢ።

ሌላው ቀላል ነው። አውራ ጎዳናው ላይ ስትገቢ ትኬት ትወስጃለሽ፣ ስትወጪ ትከፍያለሽ፤ «ቴሌፓስ» (ሳይቆሙ የሚከፍሉበት መሣሪያ) ብቻ ወደሚለው ቢጫ መስመር አትግቢ። ከሲዬና ፍሎረንስ የሚወስደው ፈጣን መንገድ ክፍያ የለውም። ማደያ ላይ «ጋዞሊዮ» ናፍጣ ነው፣ አትሳሳቺ። መኪና ስታቆሚ ነጭ መስመር ነፃ፣ ሰማያዊ በክፍያ፣ ቢጫ ለተፈቀደለት ሰው ነው።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ልንገርሽ። ከሮም ምሥራቅ ያሉትን ተራሮች የሚመክርሽ ይኖራል። ሱቢያኮ የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ዋሻ ገዳም አለ፣ ሂጂ። እዚያው ቅርብ ያለችው አፊሌ ግን በ2012 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ገንዘብ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ያቆመች ከተማ ናት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባን በደም ያጠበው ሰው ነው። ልጆችሽ ትልልቆች ከሆኑ ታሪኩን መኪና ውስጥ ንገሪያቸው፤ ከእኔ ኪስ ግን የአንድ ቡና ዋጋ እንኳ እዚያች ከተማ አይቀርም።

መኪናውን ፍሎረንስ መሀል ከተማ አትመልሺ፣ ዙሪያው ሁሉ ዜድ ቲ ኤል ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አስረክቢና በትራም ግቢ። ከማስረከብሽ በፊት አራቱንም ጎን፣ ጎማውንና የነዳጁን ጌጅ ፎቶ አንሺ። ለሆቴሎች ስለ ታርጋ የጻፍኩት መልእክት በጣልያንኛ አለኝ፣ ማደሪያ ስትይዢ ንገሪኝና እልክልሻለሁ።